በሚሽን ሆስፒታል በጎ ፈቃድ ያገለገላችሁ፣ ስትመለሱ ምን አወራችሁ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ፣ የምኖረው ቡራዩ ነው። ጥያቄዬ ርዕሱ ላይ አለ። ጥያቄ ወርውሮ የሚጠፋ ሰው ስለማልወድ ግን ታሪኩን ላስቀድም።

አምና ከምሠራበት ክሊኒክ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ሦስት ወር ኬንያ ቆየሁ። ምዕራብ በኩል፣ ሻይ ተክል በሚበዛበት ደጋ ውስጥ ያለ አንድ የቆየ የሚሽን ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጠቅስም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ፣ ሁሉም በአውቶቡስ። ወጪዬን ያዋጡልኝ የቸርቻችን ሰዎች ናቸው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የተመደብኩት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነበር። ጠዋት ከርክክብ በፊት መዝሙርና ጸሎት አለ። ቋንቋው ባይገባኝም ደስ ይለኝ ነበር። እዚያም እንደኛው ነርስን ሲስተር ነው የሚሉት። ወሬው ሁሉ የቤቴን ይመስላል፤ ደመወዝ፣ ተረኛ መቅረት፣ የጓንት እጥረት።

በሁለተኛው ወር አንድ ሌሊት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሁለት ሕፃናት ነበሩን። የሚሠራው የመተንፈሻ ማገዣ ማሽን አንድ ነው። የማታዋ ኃላፊ ማሽኑን የመትረፍ ዕድሉ ለሰፋው ሰጠችው። ሌላኛውን እኔ በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት፣ ማስተንፈስ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከዚያ ኃላፊዋ መጥታ እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች። ምንም አልተናገረችም። ገባኝ፣ አቆምኩ።

እናቱ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። የእኔ ስዋሂሊ ከሰላምታ አያልፍም። የማውቃት ቃል ፖሌ የምትለዋን ነው። አይዞሽ ማለትም ነው፣ እግዜር ያጽናሽ ማለትም ነው፣ ጣቱን በር ለቆነጠጠውም ይባላል። እሷን አልኳት። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ። በማግስቱ አባትየው ሂሳብ ክፍል መስኮት ላይ ቆሞ ብር ሲቆጥር አየሁት። ለሞተ ልጅ።

ከወር በኋላ ተመለስኩ። ቸርቻችን እሑድ ዕለት 20 ደቂቃ የምስክርነት ጊዜ ሰጠኝ። አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ሆና ስለተወለደች ሕፃን ተናገርኩ። እናቷ ደረቷ ላይ አስራ፣ በካንጋሩ ዘዴ ስታሞቃት ከርማ፣ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ሆና ይዛት ወጣች። ጉባኤው እልል አለ። ታሪኩ እውነት ነው። ስለ ሌላኛው ሕፃን ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ እጄ ይቀዘቅዛል። ያስቸገረኝ ሞቱ ብቻ አይመስለኝም። ሞት እዚህም አይቻለሁ። የመመለሻ ቀኔ ትኬቴ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እዚያ ያሉት ሁሉ ያውቁት ነበር።

እናንተስ? ላዋጣላችሁ ሰው ሁሉን ነገር ነገራችሁት?

መልሶቹ

ክሩ እስከ ዛሬ 33 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡት ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሰልችቷቸው እየደጋገሙ ስለሚጠይቁ አድሚኑ ጨምቄ እንዳስቀምጠው ጠየቀኝ። የሰው ቃል አልገለብጥም፣ በራሴ አነጋገር ነው። የራሴን ጥፋትም አልዘለልኩም።

1ኛዋ ከሱሉልታ ናት። ባርካኛለች፣ ከሮሜ 12 ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ የሚለውን አስታውሳኛለች፣ ጸሎት እንድበረታ መክራኛለች። መልሷ የመጣው ጽሑፌ በወጣ በአራት ደቂቃ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ማንበቧን እጠራጠራለሁ። ቢሆንም የመጀመሪያ ሰው መሆን ደግነት ነው።

2ኛው ሰበታ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። ሕመሜን የርኅራኄ ድካም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን በሽታ ብሎ እንደመዘገበው ጽፎ ሁለት ሳምንት እረፍት አዘዘልኝ። 3ኛዋ ወዲያው አረመችው። ድርጅቱ ያለው ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ደግሞም የእኔ ነገር ድካም እንደማይመስላት ገለጸች። ጆናታን ሼይ የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮችን ሲያክም ያየውን ነገር አነሳች። እሷ የሕሊና ቁስል ብላ ተረጎመችው። ሰው ትክክል የሚለውን ሳያደርግ ሲቀር፣ ወይም እንዳያደርግ ሁኔታው ሲያስገድደው የሚመጣ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ እንቅልፍ እንዳልሆነም አከለች። 2ኛው በ4ኛው መልስ ተመልሶ መጥቶ ስህተቱን ተቀበለና አመሰገናት። እዚህ መድረክ ላይ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል ያየሁት ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

እስከዚህ ሁሉም ጨዋ ነበር።

5ኛው የሰፈሬ ሰው ነው፣ ቡራዩ። ስለ ሕፃኑ አንዲት ቃል የለውም። የራሴ አገር ጤና ጣቢያ እናቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ እየጠበቁ እያደሩ ድንበር ተሻግሬ መሄዴ ምን እንደሚባል ጠየቀ። መልሱን ራሱ ሰጠው፤ ሽርሽር። ቸርቹ ያዋጣው ብር ለስንት እናት ጓንትና ፋሻ እንደሚሆን እንዳሰላም መከረኝ። ብዙ ሰው ወደደለት። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፣ ያ ነው የባሰው።

6ኛው መልስ የእኔ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው የጻፍኩት፣ ስለዚህ ገምቱት። ያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ስንት ቀን እንዳገለገለ ጠየቅኩት። ወሬ ግብር አይከፈልበትም ብዬም ጨመርኩ። ሳነበው አሁንም ያሳፍረኛል። አላጠፋሁትም።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሥራ ማስታወቂያ ተቀየረ። 7ኛው ደመወዙ በዶላር ነው ወይ አለ። 8ኛዋ የዕድሜ ገደብ አለው ወይ ብላ ጠየቀች፣ አካውንቲንግ የተማረ ይቀበሉ እንደሆነም ለወንድሟ ማወቅ ፈለገች። 9ኛው ሳቅ እያለው መሰለኝ በጎ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። በመርከብ ላይ ሆስፒታል ያላቸውን መርሲ ሺፕስን ምሳሌ አደረገ። እዚያ ቀዶ ሐኪሙም፣ ምግብ አብሳዩም፣ የመርከቡ መካኒክም ደመወዝ የለውም። ብዙዎቹ ወጪያቸውን ራሳቸው ይከፍላሉ፣ ከየቸርቻቸውና ከጓደኞቻቸው ለምነው። 10ኛው ይህን አላመነም። ከፍሎ የሚሠራ ሰው ካለ እሱም ቤቱን የሚያጸዳለት በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልግ ጻፈ። እኔም ሳቅኩ። ከተመለስኩ ወዲህ ከሳቅኩባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነበር።

11ኛውን ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። ክሩን ያዞረው እሱ ነው።

ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፣ አስኮ በኩል ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ጽሑፉን የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ማብቂያ ላይ ደቡብ ውስጥ በአንድ የሚሽን ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ያስተረጉማሉ። ልጄ ብለው ነው የጀመሩት። ስለ በጎ ፈቃደኞች ኀዘን ብዙ ሲባል እንደሰሙ፣ ስለ አስተርጓሚው ግን ማንም ጠይቆ እንደማያውቅ ተናገሩ። ፈረንጁ ሐኪም ይህ ልጅ አይድንም ብሎ በራሱ ቋንቋ ይናገራል። ለእናቲቱ በእናቲቱ ቋንቋ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እናቲቱ መርዶውን የሰማችው ከእሳቸው አፍ ነው። ሐኪሙ ዞር ብሎ ያለቅሳል፣ አልቅሶም ቤቱ ይገባል። እሳቸው ግን ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ያችኑ እናት በርበሬ ስትሸጥ ያገኟታል። ሐኪሙ በየጥቂት ዓመቱ አገሩ ሄዶ አርፎ፣ ወፍሮ፣ አዲስ ጉልበት ይዞ ይመለሳል። የእሳቸው አገር እዚያው ነው። ወዴት ሄደው ይረፉ?

በደርግ ጊዜ ሚሽነሪዎቹ ወጡ፣ ሆስፒታሉም የመንግሥት ሆነ። የሸኟቸው ቀን ሰው ሁሉ እንባ በእንባ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ያው ወረፋ በር ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ስለ ሕፃኑ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ቸርቼና ስለ ራሴ በደንብ እንደጻፍኩ መሰከሩ። እጇን እጄ ላይ ያደረገችው ነርስ ግን በጽሑፌ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብላ መጥፋቷን አስተዋሉ። ማሽኑን ለአንዱ ሰጥታ ለሌላው የነሳችው እሷ ናት። በሚቀጥለውስ ሌሊት ማን መረጠ? እሷ እንዴት እንደሆነች ጠይቄ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ጠይቄ አላውቅም። ስልኳ አለኝ። ለገና መልካም በዓል ብዬ ላኩላት እንጂ ያን ሌሊት አንስተን አናውቅም። መልስ ሳልጽፍላቸው ሁለት ቀን ቆየሁ።

12ኛው የሰውየውን ጉልበት ሳመ፣ በጽሑፍ። 13ኛዋ በአንድ የሚሽን ሆስፒታል ሂሳብ ክፍል የሠራች ናት፣ እዚሁ አገር ውስጥ። አባትየው ሲከፍል ማየቴ ለምን እንደከነከነኝ ገብቷታል፣ ግን አዝና ነገረችኝ። ሰው ሚሽን ሲባል ነፃ ይመስለዋል። ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ሕንፃ ይሠራል፣ ማሽን ይገዛል። የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ መብራቱ፣ ግሉኮሱ ግን በታካሚ ክፍያ ነው የሚሸፈነው። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችውም ልብ እንዳላት እንዳልረሳ ለመነችኝ። እሷ ከቀብር የመጣ ሰው ሲከፍል ዓይኑን ላለማየት ደረሰኙ ላይ አቀርቅራ ትጽፍ ነበር።

14ኛው መጥቶ ድስቱን ደፋው። ሚሽን ሆስፒታል ሥጋን እያከመ ነፍስ የሚያጠምድ መረብ ነው፣ አያቶቻችን በስንዴ ተሸጡ፣ አሁን ደግሞ የእኛው ልጆች ጎረቤት አገር ድረስ ሄደው ያጠምዱላቸዋል፤ ይህ ነበር ሐሳቡ። 15ኛዋ በተመሳሳይ ቋንቋ መለሰችለት፣ አልደግመውም። 16 እና 17 ሁለቱንም እያጋጋሉ የገቡ ናቸው። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ እንዲህ ያለውን ጭቅጭቅ በየበዓሉ ማዕድ ላይ ስለማውቀው ስልኬን አስቀምጬ ወጥ ሠራሁ።

ስመለስ 18ኛዋ ጽፋ ነበር። እንጦጦ ጸበል ሕሙማን የምታመላልስ እህት ናት። በሸክምም፣ በድጋፍም፣ ልብስ በማጠብም ለዓመታት አገልግላለች። ጠቡን አልፋው ቀጥታ የእኔን ጥያቄ አነሳች። የዳነ ሰው ቆሞ ይመሰክራል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ያልዳነው ግን ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ቀስ ብሎ በጓሮ መንገድ ይወርዳል። ቁልቁለቱን ደግፋው የምትወርደው ብዙ ጊዜ እሷ ነች። ታች አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ምን እንደምትለው አሁንም እንደማታውቅ ጻፈች። ስለዚህ የእኔን ያልተነገረ ሕፃን ታውቀዋለች። ከማጽናናት በላይ አጽናናችኝ፣ ምክር ስላልሰጠች ይመስለኛል።

19 እና 20ን አድሚኑ አጥፍቷቸዋል። ምን እንደነበሩ ያየ ያውቃል።

ቀጥሎ ያለው ወደ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ሄደ። 21ኛው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው አለርት ከጣሊያን ወረራ በፊት በሚሽነሪዎች የተሠራ ነው አለ። 22ኛው፣ ዘነበወርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ሁለት ነገር እንደተደባለቀበት አሳየው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዶክተር ላምቢ በሚባል ሚሽነሪ ጊዜ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፣ ሰፈሩም ስሙን ከሆስፒታሉ ወሰደ። አለርት የሚባለው የሥልጠና ማዕከል የመጣው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ሆስፒታሉ ሲሠራ ከከተማ ውጭ ተብሎ ነበር። ለሕክምና የመጡት ወደ አገራቸው መመለስ አፍረው ወይም ፈርተው ዙሪያውን ጎጆ ቀለሱ፣ ልጅ ወለዱ። ከተማው መጥቶ ዋጣቸው። በዚህ ላይ አንድ ሁለት ሰው የመሬት ካሳ ጉዳይ ሊያነሳ ሞክሮ ነበር፣ እኔ ቁጥር አልሰጠሁትም።

23ኛው ስለታም ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 እ.ኤ.አ. ከባለቤታቸው ጋር ለሦስት ዓመት ብለው መጥተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. እዚሁ አዲስ አበባ እስኪያርፉ ድረስ ሳይሄዱ መቅረታቸውን አስታወሰ። ሱዳን ውስጥ ኑባ ተራሮች ላይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቦምብ ሲወድቅም ሳይሄድ የሚያክመውን ዶክተር ቶም ካቴናንም ጠራ። ከእነሱ ሥር የእኔን ሦስት ወር አስቀመጠው። ሌላ ነገር አልጻፈም፣ መጻፍም አላስፈለገውም።

24ኛዋ እንደ እኔ ነርስ ሳትሆን አትቀርም፣ አንቀጽ በአንቀጽ መለሰችለት። መጀመሪያ አረመችው። ሃምሊኖች በሚሽን ተልከው አልመጡም። አዋላጅ ለማሠልጠን ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ተቀጥረው ነው የመጡት፣ እምነታቸው የራሳቸው ነበር። የፌስቱላ ሆስፒታሉ ከዓመታት በኋላ የመጣ ነው። ቀጥላ ግን ለምን ሁልጊዜ የሚቆጠረው የመጣ ሰው እንደሆነ ጠየቀች። ማሚቱ ጋሼን አነሳች። ማሚቱ ታካሚ ሆና፣ ከገጠር፣ ፊደል ሳትቆጥር መጣች። አልጋ ማንጠፍ ጀመረች፣ መሣሪያ ማቀበል ቀጠለች፣ በመጨረሻ ራሷ የፌስቱላ ቀዶ ጥገና የምታደርግና ሐኪሞች የምታሠለጥን ሰው ሆነች። ስለ እሷ መጽናት ሲወራ ማንም ለሦስት ዓመት መጥታ ነበር አይልም፣ መሄጃ አልነበራትማ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የአስኮውን አባት መልስ እንደገና ወጥቼ አነበብኩት።

25ኛዋ እናት ናት። ገላን አካባቢ ትኖራለች። ፊደሏ ተሰባብሯል፣ ስልኩም የእሷ አይመስለኝም። ልጇ እግሮቹ ወደ ውስጥ ዞረው ነው የተወለደው። ገጠር ስለነበሩ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ሕክምና አላገኘም። ከዚያ ሰው ነግሯት እዚህ ወደሚገኝ አንድ የሚሽን ሆስፒታል አመጣችው። በየሳምንቱ ጀሶ ይታሰርለታል፣ በየሳምንቱ ፈትተው ትንሽ ያቃኑትና እንደገና ያስራሉ። አንዲት የውጭ አገር ወጣት በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ጀሶው ሲደርቅ አንበሳ ትስልበታለች። ልጁ ለእግሩ ሳይሆን ለአንበሳው ብሎ ነበር የሚሄደው። ጎበዝ ማለት ተምራ ነበር፣ ሁሉንም ጎበዝ ነበር የምትለው፣ ወንበሩንም። በአራተኛው ሳምንት ተሰናበተች። አቅፋው አለቀሰች፣ ፎቶ እንደምትልክ ነገረችው።

በአምስተኛው ሳምንት ጀሶው ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጁ እግሩን አላስነካም አለ። ሲንፈራገጥ፣ ሲጮህ፣ በር ላይ የቆመው የሆስፒታሉ ዘበኛ ገብቶ እስክሪብቶ አውጥቶ ሞከረ። ድመት ሆነበት። ልጁ አየት አድርጎ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ጀሶ ድረስ ዘበኛው ነው የሳለው፣ ሁሉም ድመት ነበሩ።

ልጁ አሁን 9 ዓመቱ ነው። ኳስ ይጫወታል፣ ጫማ ይጨርሳል። እናትየው ልጅቷን አልወቀሰችም። ወጣት ናት፣ እናት አላት፣ መሄድ አለባት ትላለች። የሚቆጫት አንድ ነገር ነው። ያች ልጅ ጀሶውን ስትስል የቆየችለት እግር መራመዱን አታውቅም። ፎቶ ልትልክ ቃል ገባች እንጂ አድራሻ አልተወችም። ቢቻል ልጁ ሲሮጥ እንድታየው ትፈልጋለች። ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ፣ ፈረንጆቹ የሚገናኙበት ቦታ አውቅ እንደሆነ።

26 ላይ መለስኩላት። እንደማላውቅ፣ ሆስፒታሉ ግን የበጎ ፈቃደኞቹን አድራሻ ሊይዝ እንደሚችልና ካርድ ቁጥሩን ይዛ ብትጠይቅ እንደሚሻል ነገርኳት። ስጽፍ አንድ ነገር ከነከነኝ። እኔ እዚያ ያቀፍኳቸውን እናቶች ስም አንድም አልያዝኩም። ኪሎዋን እስከ ግራሙ ያስታወስኳት ሕፃን እንኳ ስሟ ጠፍቶብኛል። መድረክ ላይ ኪሎዋ ነበር ያስፈለገኝ።

27 ላይ የሰፈሬ ሰው፣ 5ኛው፣ ተመለሰ። ስንት ቀን አገለገልክ ላልኩት ነበር መልሱ። ሰባት ዓመት። የአምቡላንስ ሹፌር ነው። ሌሊት ምጥ የያዛትን ከዚህ ጤና ጣቢያ ወደ ከተማው ሆስፒታሎች የሚያመላልሰው እሱ ነው። አንዱ አልጋ የለም ሲለው ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው። አልተሳደበም። ቃናው ግን አልለሰለሰም፣ ሽርሽር ያለውንም አላነሳም። እኔም እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ምን ልበለው? ይቅርታ የምትለዋን ጽፌ ሳየው እንደ ፖሌ አነሰችብኝ።

ስለ ዋናው ጥያቄ በግልጽ የተከራከሩት 28 እና 29 ናቸው። 28ኛው የአንድ ቸርች ገንዘብ ያዥ ነው። ጉባኤው ስለ ሕፃን ሞት ሲሰማ ይደነግጣል ብዬ ማሰቤን ተቃወመ። እዚያ ከተቀመጡት እናቶች ስንቶቹ ራሳቸው ሕፃን ቀብረዋል? እልል ያሉት ደስ ስላላቸው ነው፣ ሌላውን ብነግራቸው ደግሞ አብረውኝ ያለቅሱ ነበር። 29ኛዋ በሰውየው የዋህነት ሳቀች። ለሦስት ድርጅት ገንዘብ አሰባስባለች። ሰው የሚያዋጣው ለሚድን ልጅ ነው፣ ለሚሞት አይደለም። አንድ ጊዜ እውነቱን ሙሉ በሙሉ ተናግራ በሚቀጥለው ዓመት ሳጥኑ ግማሽ ሆኖ እንደመጣ አስታወሰች። እንድዋሽ አልመከረችኝም። እስክበረታ ዝም ማለት ኃጢአት እንዳልሆነ ብቻ ነገረችኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ላልፈው አልችልም። ልቤ ወደ ገንዘብ ያዡ ያደላል፣ የ29ኛዋ ሳጥን ግን እውነት ነው።

30ኛው ጤፍ ስንት ገባ ብሎ የተሳሳተ ክር ላይ የለጠፈ ነው። ሁለት ሰው መልሶለታል።

31ኛው ከለገጣፎ ነው፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ልጅ እግር። ጥር ላይ እሱም ኬንያ በጎ ፈቃድ ይሄዳል። የጠየቀኝ ስለ ስሜት አይደለም። ከሞያሌ በኋላ በሌሊት መጓዝ ይሻላል ወይስ በቀን፣ ደጋው ምን ያህል ይበርዳል፣ እንጀራ ይገኛል ወይ። በቀን እንዲሄድ፣ ሹራብ እንዲይዝ፣ ናይሮቢ ኢስሊ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶ እሱ የሚሄድበት ደጋ ግን ኡጋሊ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ በውስጥ መስመር ነገረኝ። እኔ የነበርኩበት ነው።

32 የእኔ ነው። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የማታ ኃላፊዋን ፈልጎ ሰላም እንዲልልኝ ለመንኩት። 33 ላይ ምን ብዬ ልንገራት፣ መልእክት ካለሽ ጻፊልኝ አለ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም አጠፋሁት። የቡና ስጦታ አንድ ኪሎ አድርስልኝ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ስትወጣ ቁጭ በልና እንዴት ነሽ ብለህ ጠይቃት፣ የምትልህን ጻፍልኝ አልኩት። ቡናው ተቆልቷል ወይስ ጥሬ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

ጥሬ ነው።